የበራሪ ጽሑፎች ክርክር በእንግሊዝ አገር

እ.ኤ.አ. በ1637 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ ሐኪምና አንድ ቄስ በአደባባይ ጆሯቸው ተቆረጠ። ዊልያም ፕሪን፣ ጆን ባስትዊክና ሄንሪ በርተን ይባላሉ፤ ጥፋታቸው ጳጳሳትን የሚነቅፉ በራሪ ጽሑፎችን ማውጣታቸው ነበር። (የፕሪን ጆሮ ከሦስት ዓመት በፊትም ተቆርጦ ነበርና በዚህ ጊዜ የተቆረጠው የቀረው ነው።) ቅጣቱ ሌሎችን ጸጥ ለማሰኘት ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አዘነላቸው፤ ጽሑፋቸውን ያላነበበውም ስማቸውን ዐወቀ።

በ1641 ፓርላማው ያን የፈረደባቸውን ችሎት ሲያፈርስ የማተሚያ ቤቶች ልጓም ወለቀ። ስለ ጵጵስና፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ግብርና ስለ ንጉሥ ሥልጣን የሚከራከሩ ትናንሽ ጽሑፎች በየመንገዱ ተቸበቸቡ። ስድብና ሐሰት እንደ ነበረባቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የጳጳሳትና የመኳንንት ብቻ የነበረው ክርክር ወደ ነጋዴውና ወደ እጅ ባለሙያው ወረደ፤ ይህም ከጉዳቱ ጥቅሙ የበለጠ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ፓርላማው ራሱ በ1643 ሳንሱርን መለሰ። ጆን ሚልተን በ1644 «አሬዮፓጂቲካ» በተባለው ጽሑፉ ተቃወመ፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ነጻነቱን ለካቶሊኮች አልፈቀደም። በዚህ ረገድ ጆርጅ ቶማሰን የተባለው የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ይበልጣል። ከ1640 እስከ 1661 ዓ.ም. የወዳጅንም የባላጋራንም ጽሑፍ ሳያበላልጥ ሰበሰበ፤ በብዙዎቹም ላይ ቀኑን ጻፈባቸው። ወደ 22,000 የሚጠጉት ጽሑፎች ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።