ጣናን መሻገር ስንት ያስከፍላል?

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ከተማ የደረሰ ጎብኚ፣ ፏፏቴው ፊት ከመቆሙ በፊት ኪሱን ደጋግሞ ይዳብሳል። የመኪናው ሒሳብ ቀድሞ አለ። ከተማዋ ውስጥ ካለው ቢሮ የመግቢያ ትኬት ይቆረጣል፤ የአካባቢው አስጎብኚ ይከፈለዋል፤ ዓባይን በጀልባ የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ሌላ ክፍያ ይጠብቀዋል። እያንዳንዷ ክፍያ ለብቻዋ ስትታይ ሰው የምታስከፋ አይደለችም፤ ተቀባዩም ከነሥራው እዚያው ቆሟል። ቅሬታው የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ጠዋት ባሕር ዳር ላይ «ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የተነገረው ቁጥር የመኪናው ብቻ ነበር።

ጣና ሐይቅ ላይም ነገሩ ያው ነው። በባሕር ዳር ዳርቻ፣ ከሆቴሎቹ ጓሮና ከጀልባ ማኅበራቱ መነሻ የሚነገረው ዋጋ ጀልባውን፣ ነዳጁንና ካፒቴኑን ብቻ ይመለከታል። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዘጌ ሲደረስ የገዳማቱ ሒሳብ ይጀምራል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የራሱ መግቢያ አለው፤ አዝዋ ማርያምም እንዲሁ። ሦስት ገዳም ያየ ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ቪዲዮ ካሜራ የያዘ ይጨምራል፤ አስጎብኚም አለ። ወደቡ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮ ጥቂት ያስቀነሰ ሰው፣ ያስቀነሰውን ዘጌ ላይ መልሶ ሲከፍል «ተበላሁ» ይላል። በእርግጥ የበላው የለም። እንደተበላ ሆኖ መመለሱ ግን ለባሕር ዳር ኪሳራ ነው።

እንዲህ ያለውን ኪሳራ ማስቀረት የሚቻለው ቀላል በሚመስል፣ ግን ማንም ብቻውን ሊጀምረው በማይፈልግ አሠራር ነው። ተጓዡ ሊያመልጠው የማይችለው ክፍያ ሁሉ፣ ገንዘቡ ለማንም ይድረስ ለማን፣ መጀመሪያ ከሚነገረው ዋጋ ውስጥ መግባት አለበት። ጣና ዳር ያሉት ባለጀልባዎች ደግሞ ይህን ለማድረግ ከዓለም ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች የተሻለ ዕድል አላቸው።

የኩባንያዎቹን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በካሪቢያን ባሕር የሽርሽር መርከብ የሚያንሸራሽሩት ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት በማስታወቂያ የሚጠሩት ዝቅተኛውን የክፍል ዋጋ ነበር፤ ታክስና «የወደብ ክፍያ» በስተመጨረሻ ይደመራል። እ.ኤ.አ. በ1997 የፍሎሪዳ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ሲመረምር፣ በወደብ ስም ከሚሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ ለወደብ ባለሥልጣናት የማይደርስ፣ ኩባንያው ለራሱ ወጪ የሚያውለው ድርሻ እንዳለ ታየ። ኩባንያዎቹ ለመንግሥታት በትክክል ከሚከፈለው በላይ በዚያ ስም ላለማስከፈል ተስማሙ። ዝቅተኛውን ቁጥር አስቀድሞ የማስነገሩ ልማድ ግን ቀጠለ።

ልማዱን የሰበረው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በዚያ ግዛት የሚተዋወቅ ዋጋ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ እንዲያካትት ተደነገገ። መንግሥት የሚጥለውን ታክስ ለብቻው ማሳየት ሕጉ ባይከለክልም፣ እንደ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ያሉት ኩባንያዎች ለአንድ ግዛት ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ ከመጻፍ ይልቅ ታክሱንና የወደቡን ክፍያ አንድ ላይ ደምረው በመላው አሜሪካ ማሳየትን መረጡ። ተጓዡ በጠቅላላው የሚከፍለው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው። የመርከቡ ሠራተኞች ጉርሻ ግን ከዋጋው ውጭ ቀረ፤ ተሳፋሪው ሊያስነሣው ይችላልና። አየር መንገዶች ይህን መንገድ ቀድመው ሄደውበታል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው ደንብ፣ አሜሪካም ከጥር 2012 ጀምሮ፣ የቲኬት ማስታወቂያ ሙሉውን ዋጋ እንዲናገር አስገድደዋል። የውጭ አገር ታሪኮቹ ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ ገዢውን የሚያስደስት ከሆነ ሻጮቹ ያለ ሕግ ለምን አላደረጉትም? መልሱ ያበሳጫል። ስታብሀብ የተባለው የትርዒት ቲኬት መሸጫ በ2014 ሙሉ ዋጋ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ክፍያቸውን እየደበቁ ረከሰው ሲታዩ ገዢው ወደነሱ ሄደ፤ በ2015 ስታብሀብ ወደ ድሮው አሠራር ተመለሰ። በዚያው ጊዜ ከደንበኞቹ ገሚሱን ክፍያው መጨረሻ ላይ ብቻ ወደሚታይበት ገጽ መድቦ ባካሄደው ሙከራ፣ እነዚህ ሰዎች ሙሉውን ዋጋ አስቀድመው ካዩት 21 በመቶ ያህል የበለጠ ገንዘብ አወጡ። ያም ማለት እውነቱን ቀድሞ የተናገረ ይቀጣል። አንድ ባለጀልባ ብቻውን ተነሥቶ የገዳም መግቢያውንና አስጎብኚውን ደምሮ ቢጠራ፣ አጠገቡ የቆመው ባልደረባው በግማሽ ዋጋ ጠርቶ ደንበኛውን ይወስድበታል። ካፒቴኑን «ለምን አትናገርም?» ብሎ መውቀስ እንግዲህ ፋይዳ የለውም።

ይህን ችግር ለመረዳት ጣና ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ምሳ መብላት ይበቃል። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ መጠኑ 15 በመቶ ነው፤ አሮጌውን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1341/2016ም አልነካውም። ብዙ ሆቴሎች በሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አያካትትም» ይላሉ። ሰርቪስ ቻርጁ 10 በመቶ ከሆነ ታክሱ የሚሰላው ከምግቡና ከሰርቪስ ቻርጁ ድምር ላይ ነውና፣ ሜኑው ላይ 1,000 ብር የተባለው ምግብ 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። እንግዳ ጋብዞ 25 በመቶ ደምሮ የተዘጋጀ ሰው እንኳ 15 ብር ይጎድለዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ አዟል። ሜኑው ተለጥፏል፤ ዋጋውም ይታያል። ግን ማንም በዚያ ዋጋ በልቶ አይወጣም።

እዚህ ላይ ጣና ዳር ያለው ልዩነት ይመጣል። ባለጀልባዎቹ እንደ ስታብሀብ ብቻቸውን የቆሙ አይደሉም፤ በማኅበር ተደራጅተው፣ በተራ የሚጭኑ ናቸው። ተራ ባለበት ቦታ አንዱ ሌላውን በዋጋ የሚነጥቅበት ዕድል ይጠብባል። ማኅበራቱ ተስማምተው በመነሻው ሰሌዳ ላይ «ዘጌ፣ ሁለት ገዳም፣ ጀልባ፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል፣ ለአራት ሰው ይህን ያህል» ብለው ቢጽፉ፣ ካሊፎርኒያ በሕግ ያገኘችውን ባሕር ዳር በስምምነት ታገኘዋለች። ለከተማው ነዋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ የተለጠፈው ታሪፍ የሚያስከብረው ያንኑ ነው። ረዳቱ አምስት ብር ቢጨምር ተሳፋሪው ሁሉ የሚጮኸው ትክክለኛውን ቁጥር ስለሚያውቅ ነው። በእርግጥ የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ጀልባዎች ከተራው ውጭ ይሠራሉ፤ ያለ ከተማው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት እነሱን ወደ አንድ ሰሌዳ ማምጣት ከባድ ይሆናል።

ከባለጀልባዎቹ ይልቅ ጠንካራው ተቃውሞ ከገዳማቱ በኩል ሊመጣ ይችላል፤ መነሻውም ተገቢ ነው። የመግቢያው ገንዘብ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጀልባ ነጂ እጅ ለምን ያልፋል? ዛሬ መነኩሴው ራሱ ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ነገ ካፒቴኑ «ለአሥር ሰው ከፍያለሁ» ብሎ ለስድስት ቢያስረክብስ? የፍሎሪዳው ታሪክ ይህን ስጋት ያጠናክራል፤ እዚያም የተበላሸው በሌላ ስም የሚሰበሰብ ገንዘብ ነበር። ግን መደመርና መሰብሰብ የተለያዩ ናቸው። ሰሌዳው ድምሩን ይናገራል፣ ከሥሩም እያንዳንዱ ብር ለማን እንደሚደርስ ይዘረዝራል፤ ገዳሙ ድርሻውን እንደ ቀድሞው በራሱ ደረሰኝ በራሱ ደጅ ይቀበላል። ተጓዡ የሚያስፈልገው ጠቅላላውን ቀድሞ ማወቅ ነው፤ ገንዘቡ በስንት እጅ ቢከፈል ግድ የለውም።

ነዳጅ ሁለተኛው ክርክር ነው። ባለጀልባው «የዛሬው ዋጋ ነገ አይሠራም» ሲል አይዋሽም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው እየዘለለ ሄዷል። ቢሆንም ሙሉ ዋጋ ማለት የማይለወጥ ዋጋ ማለት አይደለም። ሰሌዳው ላይ ቀን ይጻፍበት፤ የነዳጅ ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ይታደስ። ማደያዎች ይህንኑ ያደርጋሉ።

ምን መግባት እንዳለበትና እንደሌለበት ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህን ሳይከፍሉ ጉዞውን መጨረስ ይቻላል? የዘጌ ቡና፣ የመንገድ ዳር ሥዕልና መስቀል፣ የቪዲዮ ካሜራ፣ ለካፒቴኑ የሚሰጥ ጉርሻ፣ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። ክብራን ገብርኤል ግን ጥያቄውን ያወሳስበዋል። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱ እሷ ጀልባው ላይ ወይም ዳርቻው ላይ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ የመግቢያው ክፍያ ለእሱ ግዴታ፣ ለእሷ የማይመለከታት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስም፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም የሚገኝበት፣ እንዲሁ ነው። ይህን ሰሌዳው ላይ አስቀድሞ ማስፈር ገንዘብ ከመቆጠብ ይበልጣል፤ ሰዓታት የሚፈጅ የጀልባ ጉዞ ከፍላ ደጁ ላይ የተመለሰች እንግዳ የምታወራው ስለ ዋጋው አይሆንም።

ጢስ ዓባይ ላይም የጀልባው ክፍያ እንደ መንገዱ ይለያያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ በዚያው ለሚመለስ ሰው ጀልባ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ግን በየትኛውም ትኬት ላይ አልተጻፈም፤ እሱም ውኃው ነው። የጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከፏፏቴው በላይ የሚጠለፈው ውኃ ጨመረ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጣና በለስ በቀጥታ ከሐይቁ ይወስዳል። ነሐሴና መስከረም ላይ ገደሉን ሞልቶ የሚወርደው ውኃ በበጋ ቀጭን ጅረት ሊሆን ይችላል። የነሐሴውና የመጋቢቱ ጎብኚ አንድ ዓይነት የመግቢያ ዋጋ ቢከፍሉ እንኳ የገዙት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ ይህን ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ሳሉ ማወቅ ይገባቸዋል።

ጎብኚው ጠፍቶ ሳለ ስለ ዋጋ አገላለጽ መጨነቅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከኮሮና ወረርሽኝ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና የቀጠለው ግጭት የውጭ ጎብኚውን አርቆታል። የቀሩት ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቤተሰቦች፣ ለጥምቀትና ለበዓላት የሚመጡ ምእመናን፣ ከውጭ የተመለሱ ዲያስፖራዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጡ፣ ለዘመድ የሚያወሩ ደንበኞች ናቸው። ለዲያስፖራው ሌላም ጣጣ አለ። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ አማርኛ የሚናገረው ሰው በየትኛው ዋጋ ይገባል? እያንዳንዱ ደጅ የራሱን ፍርድ ሲሰጥ፣ ሰውየው አንዱ ገዳም ላይ የአገር ልጅ፣ ሌላው ላይ ፈረንጅ ይሆናል። የተለያየ ዋጋ መኖሩን ሰው ሊቀበለው ይችላል፤ ከፊቱ አይተው ሲወስኑ ግን ይከፋዋል።

ሙከራውን ለመጀመር ምቹ አጋጣሚ መጥቷል። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በየብስ ተጭና ወደ ጣና የተጓዘችው፣ የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ንብረት የሆነችው ጣናነሽ 2 ከ180 በላይ ሰው የመጫን አቅም አላት። አንድ መንግሥታዊ ድርጅት የሚቆርጠው ትኬት በመሆኑ ተወዳዳሪ ደንበኛ ይነጥቀኛል የሚል ስጋት የለበትም። ባሕር ዳርን ከጎርጎራ የሚያገናኘው አሮጌው ሳምንታዊ መርከብ ቁንዝላ ላይ ያሳድር ነበር፤ የማደሪያው ወጪ ግን ለተሳፋሪው የተተወ ነበር። አዲሷ መርከብ ዘጌን፣ ናርጋ ሥላሴን ወይም ጎርጎራን የሚያካትት የጉብኝት መስመር ከከፈተች፣ ትኬቷ ላይ ቫቱ፣ የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚው ድርሻ ተደምረው ከነዝርዝራቸው ሊታተሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ በአጠገቧ የሚሠሩት ትንንሽ ጀልባዎች «የእናንተስ ጠቅላላው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከደንበኛው ይመጣባቸዋል፤ ማኅበራቱም ሰሌዳቸውን ለመጻፍ የቢሮ ደብዳቤ አይጠብቁም።