ክብደት በፎቅ ቁጥር አይካፈልም

በሳኒተሪ ዲዛይን ሰነዶቻችን ውስጥ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት የሚገለበጥ አንድ ስሌት አለ። ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣው የውኃ ቧንቧ ክብደት ከነውኃው ይደመርና በፎቆቹ ብዛት ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር የየፎቁ ክላምፕ ድርሻ ይባላል፤ ይፈረምበታል፤ ዳግም የሚያየው የለም።

30 ፎቅ ያለው፣ የአንዱ ፎቅ ከፍታ 3.2 ሜትር የሆነ ሕንፃ እንውሰድ። ባለ 4 ኢንች ስኬጁል 40 የብረት ቧንቧ በሜትር 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ሌላ 8 ኪሎ። 96 ሜትሩ 2.3 ቶን ገደማ ይሆናል፤ ለ30 ሲካፈል 77 ኪሎ። አንድ ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ ነው፤ ማን ይጨነቃል?

ብረቱ ግን ይህን ክፍፍል አይቀበልም። የአንድ ፎቅ ርዝመት ያለውን ይህን ቧንቧ 1 ሚሊ ሜትር ለመለጠጥ 13 ቶን የሚያህል ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ከአንዱ ክላምፕ ሥር 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከቀረ፣ 2.3 ቶኑ በሙሉ ቢጎትት እንኳ ክፍተቱን አይዘጋውም። ያ ክላምፕ ለጌጥ ተቀመጠ፣ ሸክሙን ጎረቤቶቹ ወሰዱት ማለት ነው። ሶሌታ በሚሊ ሜትር ተስተካክሎ የሚሞላበት ሳይት ያየ ካለ ይንገረኝ።

ውኃውም ቢሆን በየፎቁ አይንጠለጠልም። ቀጥ ያለ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ግድግዳውን ወደ ጎን ነው የሚገፋው፤ 790 ኪሎ የሚያህለው ክብደቱ የሚያርፈው ታች ባለው ኤልቦ ላይ ነው። ከኤልቦው ሥር ድጋፍ የተሣለበት ሥዕል ግን ስንት ነው?

ሙቅ ውኃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ይኸው ቧንቧ 46 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ታች ታስሮ ከሆነ የላይኞቹ ክላምፖች ከሶሌታው ተነሥተው አየር ላይ ይቀራሉ፤ ሸክሙ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ፒፒአር ቀላል ነው ብለው የሚዝናኑም አሉ። ፋይበር የሌለው ፒፒአር በዚያው ሙቀት በአንድ ፎቅ ብቻ 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል።

«ሕንፃዎቹ ቆመው የለ እንዴ?» የሚል መልስ አይጠፋም። አምስት ፎቅ ላይ ቧንቧው አጭር፣ ሸክሙም ትንሽ ስለሆነ ስሕተቱ ይሸፈናል። በ30 ፎቅ ግን መሐንዲሱ ቧንቧው የሚታሰርበትን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ራሱ መርጦ ሸክሙን በሙሉ ለእነሱ ማስላት፣ ሌሎቹን ቧንቧው እንዲንሸራተትባቸው መተው አለበት። ያኔ ለስትራክቸር መሐንዲሱ የሚላከው ቁጥር 77 ኪሎ ሳይሆን በቶን የሚቆጠር ይሆናል፤ የሚላከውም የሶሌታው ፌሮ ከመታሰሩ በፊት ነው።