ዋጋው የተቀነሰ ሁሉ ርካሽ አይደለም

ነጋዴ ዋጋ የሚቀንስባቸው ምክንያቶች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ዕቃው ሊበላሽ ሲቃረብ፣ መጋዘኑ ሲጠብ፣ የባንክ ዕዳ መክፈያው ቀን ሲደርስ፣ ወይም አዲስ ዓይነት ሸቀጥ ወደ ገበያ ሲገባ፣ ባለሱቁ ያለውን ዕቃ በቅናሽ አውጥቶ ገንዘቡን ይሰበስባል። በዚህ ዘመን ግን ከእነዚህ ምክንያቶች ብዙዎቹ ሳይነኩት፣ ዋጋው እጅግ አዘውትሮ የሚቀነስ አንድ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም በኢንተርኔት የሚሸጠው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ይህ ሸቀጥ አይሻግትም፤ መጋዘንም አያጣብብም፤ የመጀመሪያው ቅጂ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሚሊዮነኛው ቅጂ በሻጩ ላይ የሚያመጣው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ከሆነ ዋጋው በየወቅቱ በግማሽና ከግማሽም በላይ የሚወርደው ስለ ምንድን ነው? ገዢውስ ቅናሹን አይቶ ገንዘቡን ማውጣት የሚገባው መቼ ነው?

ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ኮምፒዩተር ለሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ መለዋወጫውን ለሚቸረችር ባለሱቅ፣ «የትኛው ጨዋታ ቢገዛ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ከደንበኛው፣ አንዳንድ ጊዜም ከገዛ ልጁ ይቀርብለታል። ከዚህም በላይ ክፍያው የሚፈጸመው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ፣ ያለ አሳብ የሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር ለአገር ቤት ገዢ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የቅናሹን አሠራር ጠንቅቆ ማወቅ ተገቢ ነው።

ስቲም የተባለው የአሜሪካው የቫልቭ ኩባንያ መደብር ሥራውን የጀመረው በ2003 ነው። (የኢትዮጵያ ዘመን መሆኑ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ መደብር ከ2023 ጀምሮ በጸደይ፣ በበጋ፣ በመጸውና በክረምት ወራት አራት ታላላቅ የቅናሽ ሽያጮችን ያደርጋል፤ እነዚህም ወቅቶች በአውሮፓ አየር ጠባይ የሚቆጠሩ ናቸው። ቀኖቹ አስቀድመው ስለሚገለጹ የጨዋታ ሠሪዎችም ገዢዎችም ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ለቅናሹም ደንብ ተሠርቶለታል። ለምሳሌ አንድ ሠሪ የጨዋታውን ዋጋ ከፍ ካደረገ በኋላ አንድ ወር ያህል ሳይቆይ ቅናሽ ማድረግ አይችልም። የዚህ ደንብ ፍሬ ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ ዋጋን ዛሬ ሰቅሎ ነገ «ቀነስኩ» ማለትን ይከለክላል።

ከዚህ የምንረዳው ቅናሹ የታቀደ እንጂ ድንገተኛ አለመሆኑን ነው። ሻጩ ገዢዎችን በትዕግሥታቸው መጠን ይከፋፍላል፤ ጨዋታውን በወጣበት ቀን ለማግኘት የሚጓጓው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ስድስት ወር የጠበቀው ጥቂት ይቀነስለታል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የታገሠው ደግሞ በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይገዛል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የንግድ ዘዴ ነው። ዘዴውን ያወቀ ገዢ ግን «የመጨረሻ ዕድል» በሚል ጥሪ አይደናገጥም፤ ዛሬ ያለፈው ቅናሽ ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣልና።

መጠበቅ ከዋጋው ሌላ ጥቅም እንዳለው የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ኩባንያ ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጨዋታ በታኅሣሥ 2020 ለገበያ ሲያቀርብ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ሶኒ ኩባንያም ጨዋታው በወጣ በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከፕሌይስቴሽን መደብሩ አስወጣው። ሠሪው ኩባንያ ለዓመታት ሲያርመው ቆይቶ በመስከረም 2023 በብዙ የተሻሻለውን እትም አወጣ። በመጀመሪያው ቀን የገዙት ሰዎች ወደ 60 ዶላር ከፍለው ያልተጠናቀቀ ሥራ ተረከቡ፤ የታገሡት ግን ባነሰ ዋጋ የተስተካከለውን አገኙ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ገበያም ይሠራል።

የሆነ ሆኖ፣ መጠበቅ ሁልጊዜ ያተርፋል ማለት አይደለም። ፋክቶሪዮ የተባለውን የፋብሪካ ግንባታ ጨዋታ የሠራው የቼክ ኩባንያ ምንጊዜም ቅናሽ እንደማያደርግ አስቀድሞ አስታወቀ፤ በቃሉም ጸና። እንዲያውም በጥር 2023 የገንዘብ ዋጋ መውረድን ምክንያት አድርጎ ዋጋውን ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ አደረገ። ቅናሽ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው 5 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ስታርዱ ቫሊ የተባለው የእርሻ ጨዋታ ደግሞ፣ ኤሪክ ባሮን የተባለ ሰው ለብቻው ሠርቶ በ2016 በ15 ዶላር ገደማ ያወጣው ሲሆን፣ እስከ 2024 ድረስ ብዙ ተጨማሪ ሥራ ያለ ክፍያ ለገዢዎቹ ተሰጥቶበታል። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የዕቃ ዋጋ የሚመዘነው ከላዩ ላይ በተቀነሰው መቶኛ ሳይሆን፣ ከኪስ በሚወጣው ገንዘብና በሚገኘው አገልግሎት ነው። ዘጠና በመቶ የተቀነሰለትና ማንም የማይጫወተው ጨዋታ ውድ ነው፤ ምንም ያልተቀነሰለትና አንድ ዓመት ሙሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ግን ርካሽ ነው።

ቅናሽ የሚገኝበትን ቦታ በሚመለከት፣ ገዢው አንድ መደብር ብቻ ተመልክቶ መወሰን አይገባውም። ዋጋን ከብዙ መደብሮች ሰብስቦ የሚያነጻጽር ኢዝ ዜር ኤኒ ዲል፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ጨዋታ የቀድሞ የስቲም ዋጋ መዝግቦ የሚያሳይ ስቲም ዲቢ የተባሉ አገልግሎቶች አሉ። ገዢው በእነዚህ አማካይነት ጨዋታው ከዚህ በፊት እስከ ስንት ዶላር ወርዶ እንደ ነበረ ያያል፤ የዛሬው «ታላቅ ቅናሽ» ካለፈው ዓመት ቅናሽ የሚበልጥ መሆኑንና አለመሆኑንም ያረጋግጣል። የሚፈልጋቸውን ጨዋታዎች በመደብሩ የፍላጎት መዝገብ ላይ ካሰፈረም ዋጋው ሲቀነስ መልእክት ይደርሰዋል። እንደዚሁም በታኅሣሥ 2018 የተከፈተው የኤፒክ ጌምስ መደብር በየሳምንቱ ጨዋታ በነጻ ይሰጣል፤ በ2010 የተጀመረው ሃምብል ባንድል ደግሞ ብዙ ጨዋታዎችን አጣምሮ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ነገር ግን በጥቅል የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ሒሳቡን በትክክል ይያዝ፤ ከአሥር ጨዋታዎች አንዱን ብቻ የሚጫወት ከሆነ፣ ለጥቅሉ የከፈለው ገንዘብ በሙሉ የዚያ የአንዱ ጨዋታ ዋጋ ነው።

ከእነዚህ ሌላ፣ የመክፈቻ ኮድ ብቻ ከማይታወቅ ሰው ገዝተው የሚሸጡ የደላላ ገበያዎች አሉ። ዋጋቸው ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይስባሉ። ይሁን እንጂ የኮዱ ምንጭ በብዙ ጊዜ አይታወቅም። በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ሲያስመልስ ጉዳቱ በሠሪው ላይ ይወድቃል፤ ኮዱም ሲሰረዝ የመጨረሻው ገዢ ባዶ እጁን ይቀራል። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ መግዛት ምን እንደሚያስከትል ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ሠሪው ራሱ ሻጭ አድርጎ ካወቃቸው መደብሮች ውጭ አለመግዛት ይመረጣል።

ጥሩ ዋጋ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው፣ ጨዋታው ለመገዛት የሚበቃ መሆኑን መመርመር ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የሚመረመረው የገዢው ኮምፒዩተር ነው። ባልዱርስ ጌት 3 የተባለው ታላቅ ጨዋታ 150 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ ስታርዱ ቫሊ ግን ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን በቅናሽ የገዛ ሰው አዲስ ዲስክ ወይም ግራፊክስ ካርድ መግዛት ካስፈለገው፣ ለማውረጃው ደግሞ ብዙ የኢንተርኔት ክፍያ ከወጣበት፣ ቅናሹ በሌላ በኩል ተበላ ማለት ነው። አስመጪ የዕቃውን ዋጋ ሲያሰላ ማጓጓዣውን፣ መድኑንና ቀረጡን እንደሚጨምር፣ የጨዋታ ገዢም እነዚህን ወጪዎች ሊጨምር ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ የሚሸጠው ሙሉው ጨዋታ ነው ወይስ መነሻው ብቻ የሚለው ነው። አንዳንድ ሠሪዎች መነሻውን እጅግ አርክሰው ተጨማሪ ክፍሎቹን ለየብቻ በሙሉ ዋጋ ይሸጣሉ። ሦስተኛው፣ የተጫወቱት ሰዎች የሰጡት ምስክርነት ነው፤ ሲመረመርም የቅርብ ጊዜው ከቀድሞው ተለይቶ ሊታይ ይገባል፤ ጨዋታ ከጊዜ በኋላ ሊታረምም ሊበላሽም ይችላልና። አራተኛው፣ መመለስ የሚቻል መሆኑ ነው። ስቲም ከ2015 ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ የተመለሰና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱበት ጨዋታ ገንዘቡ እንዲመለስ ፈቅዷል። ስለዚህ የተገዛውን ጨዋታ ወዲያው ከፍቶ መሞከር እንጂ፣ ለሌላ ጊዜ ብሎ ማስቀመጥ ይህን መብት ያስቀራል።

አምስተኛውና ብዙዎች የማያስቡት ጥያቄ፣ ገዢው በገንዘቡ ያገኘው ምንድን ነው የሚለው ነው። በአብዛኛው የሚሸጠው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጨዋታ፣ ለብቻ ሲጫወቱትም ከኩባንያው ማእከል ጋር መገናኘትን ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ኩባንያው ማእከሉን በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሲዘጋ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሁሉ መጫወት አልቻሉም። የካሊፎርኒያ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣውና በ2025 መጀመሪያ በጸናው ሕግ፣ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲያስታውቁ አዘዘ። በአንጻሩ በ2008 የተቋቋመው የፖላንዱ ጎግ መደብር፣ ገዢው የጨዋታውን መጫኛ አውርዶ በራሱ ዲስክ እንዲያኖር ይፈቅዳል። በሁለት መደብሮች ዋጋው እኩል ከሆነ፣ ዕቃውን በእጅ የሚያስረክበው መደብር የተሻለ መሆኑ የማያከራክር ነው።

ለኢትዮጵያ ገዢ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ስቲም በብር ስለማይሸጥ ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት 30 ዶላር የነበረ ጨዋታ 1,710 ብር ያህል ያወጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በግማሽ ቅናሽ በ15 ዶላር የተገዛው ግን ከ1,500 ብር በላይ አስወጥቷል። በመደብሩ ሰሌዳ ላይ «ሃምሳ በመቶ» የተባለው ቅናሽ በገዢው ኪስ ውስጥ ከአሥራ ሁለት በመቶ ያልበለጠ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ የቅናሹን መጠን በመደብሩ መቶኛ ሳይሆን በሚከፈለው ብር ማስላት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች «ሁለትና ሦስት ዶላር ምን ይጎዳል? ርካሽ ሲገኝ መሰብሰብ ነው» ይላሉ። ዳሩ ግን የማይሸጥ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ የቆለለ ባለሱቅ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በርካሽ ስለ ገዛ ባለጸጋ አይባልም፤ ገንዘቡ ታስሮበታል እንጂ። ተገዝቶ ያልተከፈተ ጨዋታም እንደዚሁ የታሰረ ገንዘብ ነው። ሌሎች ደግሞ «ሁሉም ሰው ቅናሽ ከጠበቀ ሠሪው በምን ይኖራል?» ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ፣ ለሙሉ ዋጋው የሚበቃ ሥራ ሲገኝ፣ በተለይም ጥቂት ሰዎች የደከሙበት ሲሆን፣ ሙሉ ዋጋውን ያለ ቅሬታ መክፈል ነው። አስተዋይ ገዢ ማለት ሁልጊዜ ጥቂት የሚከፍል ሳይሆን፣ ለሚገባው የሚገባውን የሚከፍል ነው።

ይህ ገበያ ለሻጮችም ምክር አለው። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2022 ጀምሮ፣ በሸቀጥ ላይ ቅናሽ አደረግሁ የሚል ነጋዴ ባለፉት 30 ቀኖች ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያመለክት አዝዟል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2024 የሚነገረው መቶኛ ከዚያው ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ተነሥቶ ሊሰላ እንደሚገባ ወስኗል። ሕጉ የወጣው በሌላ አገር ቢሆንም ቁም ነገሩ በማንኛውም ገበያ ይሠራል። ዛሬ ገዢው የትናንቱን ዋጋ በስልኩ ፈልጎ የሚያገኝበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ዋጋን ሰቅሎ የሚቀንስ ባለሱቅ አንድ ጊዜ ይሸጥ እንደ ሆነ እንጂ ደንበኛ አያተርፍም። ገዢ የቀድሞውን ዋጋ ሳይመለከት ቅናሽን አይመን፤ ሻጭም የቀድሞውን ዋጋ ሳያሳይ ቅናሽን አያውጅ። ሁለቱም ይህን ከፈጸሙ ገዢው ከሐሰተኛ ቅናሽ ይድናል፤ እውነተኛ ቅናሽ ያደረገው ነጋዴም ይታመናል።