ቤት መግዛት ወይስ ማሠራት?

በአዲስ አበባ የሚነግድ ሰው ከኪራይ ቤት ለመውጣት ባሰበ ጊዜ፥ የተሠራ ቤት ከመግዛት ይልቅ ቦታ ይዞ ማሠራት የሚረክስለት ይመስለዋል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው ጊዜውን አለመቁጠሩ ነው። የሚገዛ ቤት ዋጋው በውሉ ቀን ይታወቃል፤ የሚሠራው ግን ጣሪያው እስኪመታ ድረስ አይታወቅም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ወቅት መሠረት ያወጣ ሰው ስሌቱ ምን እንደ ሆነበት ለብረትና ለሴራሚክ አስመጪዎች መንገር አያስፈልግም።

ከዚህም የሚከፋው የሱቁ ገንዘብ ወደ ግንቡ መሄዱ ነው። በዕቃ ላይ ያለ ብር በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ በግንብ የገባው ግን ቤቱ እስኪያልቅ ተቀምጦ ይቀራል፤ ኪራዩም በዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ለግንባታው የሚበቃውን ገንዘብ ከንግዱ ለይቶ ያላስቀመጠ ነጋዴ፥ ጥቂት ቢወደድበትም አነስ ያለ የተሠራ ቤት ቢገዛ ይሻለዋል።

በመግዛትም ቢሆን ችኮላ ይጎዳል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፥ ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፥ የሊዝ ቀሪ ክፍያ፥ ዕዳም ሆነ እገዳ እንዳለበት ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ያጣራ። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ፥ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውሉ በጽሑፍና በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ደላላ በቡና ቤት የሚያስፈርመው ወረቀት ይህን አይተካም።