ዱባ ቅል ሲሆን

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እየተባልን ያደግን ሰዎች አሜሪካ ስንመጣ ዱባው ራሱ ቅል ሆኖ ጠበቀን። ሆዱ ተፈልፍሎ፣ ዓይንና ጥርስ ተቀርጾለት፣ ሻማ ውጦ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ በምኖርበት በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ የሃሎዊን ሰሞን ያለ ዱባ የሚታይ ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። በማግስቱ ያ ሁሉ ዱባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ገብቶ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና መቁጠር ልማዴ ነው፤ አምና ከቤቴ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አሥራ ዘጠኝ ቆጠርሁ። ሰባቱን ቢላዋ እንኳ አልነካቸውም ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ እነዚህ ሁለት ስንኞች መጡልኝ፦

ሆድህን አውጥተው ሻማ ለኮሱብህ፤
ለጥርስ ብትፈጠርም ጥርስ አበቀሉብህ።

ለእኔ ዱባ ወጥ ነው። ሃሎዊን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት መሆኑ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የጽጌ ጾም መካከል ነን ማለት ነው። በእናቴ ቤት በዚህ ወቅት ዱባ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ይሠራል፤ ፍሬው ታጥቦ፣ በጨው ታሽቶ፣ ተቆልቶ ለቡና ቁርስ ይቀርባል፤ ልጣጩ ለጥጃዋ ይጣልላታል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው በከረጢት የታሰረ ሙሉ ዱባ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። አሜሪካ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዱባ ታመርታለች። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ ቆሻሻ መቅበሪያ ከገባው የከተማ ደረቅ ቆሻሻ 24 በመቶው ምግብ ነበር። ምግብ ከምድር በታች አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። ልብሱም እንዲሁ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሃብብና ፌይሪላንድ ትረስት የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ድርጅቶች ሱቅ ላይ የተገኙ 324 የሃሎዊን ልብሶችን መርምረው፣ ከተሠሩበት ነገር 83 በመቶው ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ፕላስቲክ ሆኖ አገኙት። ለአንድ ምሽት የሚለበስ፣ ከለባሹ ልጅ ዕድሜ በላይ የሚኖር ልብስ!

በእኛ ዘንድ ግን ክርክሩ ሌላ ነው። አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የሰይጣን በዓል ነው፤ ልጅህን እንዳታወጣት» አሉኝ። አከብራቸዋለሁና ዝም አልሁ። ይሁንና ስሙ ራሱ የቅዱሳን ሁሉ ቀን ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ያንን ቀን በማግስቱ፣ ኖቬምበር 1 ታከብራለች። አይሪሾች በአገራቸው የሚፈለፍሉት ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ነበር፤ ተሰደው አሜሪካ ሲደርሱ ዱባ አገኙ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ደግሞ ድሆች ቤት ለቤት እየዞሩ ለሙታን ነፍስ ይጸልዩና «የነፍስ ኬክ» የሚባል ትንሽ ዳቦ ይቀበሉ ነበር። ይህ ከእኛ ቡሄ ምን ያህል ይርቃል? ሆያ ሆዬ የጨፈረ ልጅ ሙልሙል ይቀበላል፤ ሙልሙሉን ይበላዋል፤ አለቀ። ሙልሙል መጠቅለያ የለውም። (መቼም ዛሬ ቡሄ ጨፋሪም ሙልሙል ሲሰጡት ብር ነው የሚጠይቀው፤ የራሳችንንም ጉድ አንደብቅ።) እንግዲህ ይህ በዓል ሲፈጠር ድሃ ያለውን አውጥቶ የሚያከብረው ነበር። ብክነቱን የጨመርንበት ገበያ ሄደን ነውና፣ ብንቀንሰው በዓሉ አንዳች አይጎድልበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። አምና ይህን ሁሉ አስቤ፣ በባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ለሰባት ዓመት ልጄ የመንፈስ ልብስ ሰፋሁላት። እኔ ተደስቻለሁ። ልጅቱ መስታወት ፊት ቆመች፤ ቆየች፤ ከዚያ ዘወር ብላ፣ «አባዬ፣ ገንዘብ የለንም እንዴ?» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ የገባሁ ሰው መልስ አጣሁ። ስለ ብክነት የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ነገር ዘለው ያልፏታል። ፈረንጁ ጎረቤቴ ያገለገለ ልብስ ሲለብስ አቋም ነው፤ ሰልባጅ ለብሰን ላደግነው ለእኛና ለልጆቻችን ግን ትዝታም፣ ፍርሃትም አለበት። ቁጠባ በልጅ ዓይን ድህነት ይመስላል። ስለዚህ እንዲህ ወደማለት ደርሻለሁ፤ ልጅ ላይ የሚጫን ቁጠባ ቅጣት ነው፤ ልጁ ራሱ ከጅምሩ ካልገባበት ቢቀር ይሻላል።

ዘንድሮ ከመስከረም ጀመርን። የሕንፃችን ወላጆች የየልጆቻቸውን ያለፈ ዓመት ልብስ አውጥተን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ዘረጋን። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛነውን የልዕልት ልብስ የቦሊቪያዊቱ ጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ወሰደችው። የእኔዋ የአንበሳ ልብስ መረጠች፤ ጎፈሩ ረግፎ ነበርና ምን እናድርግለት ብዬ ስጠይቃት፣ ሮጣ ሄዳ ያችኑ ነጠላ አመጣች። በርበሬ በመሰለ ቀለም ነክረን፣ በየቁራጩ ተርትረን ጎፈር ሠራን። ጣቶቼ ለሦስት ቀን ቀይ ሆነው በባንኩ መስኮት ገንዘብ ስከፍል ደንበኞች ያዩኝ ነበር።

ዱባውንም ለመቅረጫ ተብሎ ከሚሸጠው ውኃማ ዝርያ አልገዛሁም፤ አነስ ያለ፣ ሥጋው ጣፋጭ የሆነውን መረጥሁ። አልተቀረጸም፤ መብራቱን ከጎኑ አደረግንለት። መቅረጽ የሚወድ የሆድ ዕቃውን ያኑኑ ቀን ማብሰል ይችላል፤ ሻማ በልቶ ደጅ ሰንብቶ የበሰበሰውን ግን ለብስባሽ እንጂ ለድስት አላስብም። አርሊንግተን ከሴፕቴምበር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊን በአረንጓዴው በርሜል ከየቤቱ ይሰበስባል፤ አገልግሎቱ ግን ለግል ቤቶች ነው። አፓርታማ የምንኖር ሰዎች ተሸክመን መሄድ አለብን፤ ይህ ያናድደኛል።

በማግስቱ ዱባው ወጥ ሆነ። ለእኚያ እናት በሰሃን ይዤላቸው ሄድሁ። ቀመሱት፤ ደገሙት። «ይኼ የአገር ቤት ዱባ ነው እንዴ? ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። ከደጃፌ ነው አልኋቸው እንጂ፣ ምን ይሠራ እንደነበር አልነገርኋቸውም።