ዘይቱ የዓረብ፤ ገንዘቡ የአሜሪካ

ከክፍሌ ተማሪዎች አንዱ በዕረፍት ሰዓት ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ፤ «መምህር፤ ዶላር አበቃለት ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ወሬውን ያገኘው ከስልኩ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ነዳጅ ዘይቷን በዶላር ብቻ ልትሸጥ በ1974 ለአምሳ ዓመት ፈርማ ነበር፤ አምሳው ዓመት በ2024 ጁን ወር ስለ ተፈጸመ ከእንግዲህ ዶላር ተራ ወረቀት ሆኖ ይቀራል ይላል። (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

እንዲህ ያለ ውል አልነበረም። ጁን 8 ቀን 1974 ሄንሪ ኪሲንጀርና ልዑል ፋህድ የፈረሙት ስለ ኢኮኖሚና ስለ መከላከያ ትብብር ነው፤ ዘይት በምን ገንዘብ ይሸጥ የሚል ቃል የለበትም። እንዲያውም ሳዑዲዎች ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከዘይታቸው ዋጋ ከፊሉን በእንግሊዝ ፓውንድ ይቀበሉ ነበር።

ልጁን ግን በዚህ ብቻ ማሰናበት አልሆነልኝም። ውል ከሌለ፤ ሻጩ ዓረብ፤ ገዢው ጃፓናዊ ሆኖ ሳለ፤ ዶላር በመካከላቸው ምን አገባው? ይህ የሚገባ ጥያቄ ነው።

መልሱን ከቤታችን ልጀምር። አያቶቻችን ወደ ገበያ ይዘውት ይወጡ የነበረው ማርትሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ የተቀረጸበት ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ያው 1780 የሚል ዓመት እየተጻፈበት ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖረ። ባላገሩ በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቈጠረ ደኅናውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ያሠሩት የራሳቸው ብር እንኳ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ቡና ሻጩ ማርትሬዛን የሚቀበለው ኦስትሪያን ወድዶ አይደለም፤ ነገ ጨው ነጋዴውም፤ ከብት ሻጩም፤ የባሕር ማዶው ሰውም ይቀበለኛል ብሎ ነው። ከዚህም ሌላ በማሰሮ አድርጎ ቢቀብረው ከዓመት በኋላ እንዳለ ያገኘዋል። የመጠባበቂያ ገንዘብ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሁለቱን ነገሮች፤ መገበያየቱንና ማኖሩን፤ ለይታችሁ ያዙልኝ፤ በዘይት ንግድ ውስጥ የሚበልጠው ሁለተኛው ነውና።

በ1933 ሜይ ወር የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ በጅዳ ከሳዑዲ መንግሥት ጋር ዘይት ለመፈለግ ሲዋዋል፤ የንጉሥ አብዱል አዚዝ ሰዎች ክፍያው በወርቅ እንዲሆን አጥብቀው ያዙ። በዚያ ጊዜ አሜሪካ ወርቅ ከአገር እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው 35000 የእንግሊዝ የወርቅ ፓውንድ ከለንደን ገዝቶ በሣጥን አሳሽጎ በመርከብ ላከ፤ በጅዳ ባንክ ጠረጴዛ ላይም አንድ በአንድ ተቈጠረ። እነሆ፤ የአሜሪካ ኩባንያ በዓረብ ምድር ዘይት ለመፈለግ የእንግሊዝን ወርቅ ከፈለ።

ወርቅ ግን ከባድ ነው፤ ንግዱም እየሰፋ ሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጋዴዎች ዘይቱን ራሱን «የስተርሊንግ ዘይት» እና «የዶላር ዘይት» እያሉ በሁለት ከፈሉት። ከአንድ ባሕረ ሰላጤ የተቀዳ፤ በአንድ ዓይነት መርከብ የሚጫን ዘይት ነው፤ የተለየው የሚከፈልበት ከረጢት ብቻ ነው። የእንግሊዝ ኩባንያዎች የሚያወጡት በፓውንድ ስለሚከፈል ለንደን ዶላር ሳታወጣ አገሯን ታሞቅበት፤ መኪናዋንም ታስኬድበት ነበር።

ይህ ዘዴ የተፈተነበትን ጊዜ ጥቂት ላቆይባችሁ። ጁላይ 26 ቀን 1956 ጋማል አብደል ናስር የስዊዝን ቦይ የግብፅ ሀብት አደረጉት። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር በምሥጢር ተማክረው ጦር አዘመቱ። ቦዩ በሰመጡ መርከቦች ተዘጋ፤ ከኢራቅ ተነሥቶ በሶርያ የሚያልፈው የዘይት ቧንቧም መግፊያ ጣቢያዎቹ በፈንጂ ጠፉ። የስተርሊንጉ ዘይት አፍሪካን ዞሮ ካልሆነ የሚመጣበት መንገድ አጣ። ለንደን ቶሎ ልታገኝ የምትችለው ዘይት ከአሜሪካና ከቬኔዝዌላ የሚመጣውን ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚጠየቀው ዶላር ነው።

ፓውንድ በእጁ ያለ ሁሉ ይህን አይቶ መሸጥ ጀመረ። በኖቬምበር ወር ብቻ እንግሊዝ ከወርቅና ከዶላር ክምችቷ 279 ሚሊዮን ዶላር ወጣባት። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ልትበደር ብትፈልግ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጦርሽ ከግብፅ ካልወጣ አይሆንም አሉ። ቀድሞ ለዘመቻው ከሁሉ ይልቅ ይፋጠኑ የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን፤ ሒሳቡን ካዩ በኋላ ይብቃ ከሚሉት ግንባር ቀደም ሆኑ። ጦሩ ሊወጣ ሲወሰን ወዲያው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል የብድር በር ተከፈተ። እኛ የታሪክ መምህራን ስዊዝን ስናስተምር አውሮፕላኑንና ታንኩን እንቈጥራለን፤ ሒሳቡን እንዘለዋለን። እኔም እስከ አምና ድረስ ስዘልል ነበር።

ከዚያ ወዲያ የፓውንድ ነገር ቍልቍለት ሆነ። ኖቬምበር 18 ቀን 1967 እንግሊዝ የፓውንዷን ዋጋ ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ዝቅ አደረገች፤ ዘይት ሸጦ ገንዘቡን በለንደን ባንክ ያኖረ አገር አንድ ሌሊት አድሮ ሲነሣ ከሀብቱ አንድ ሰባተኛው በዶላር ሲመዘን ጠፍቶ አገኘው። በሚከተለው ዓመት እንግሊዝ ለእነዚህ አስቀማጮች የፓውንድ ክምችታቸው በዶላር ልክ እንዳይወርድባቸው ዋስትና ሰጠች። ገንዘብ በሌላ ገንዘብ ዋስ ከተጠራለት በኋላ ምን ክብር ይቀረዋል! በ1974 ዲሴምበር ሳዑዲዎች ለዘይታቸው ፓውንድ መቀበል አቆሙ።

ዶላርም ቢሆን ያለ ነውር አልነበረም። ኦገስት 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን፤ ዶላር ይዞ ለሚመጣ መንግሥት አንዱን ወቄት ወርቅ በ35 ዶላር ይሰጥ የነበረውን በር ዘጉ። ዘይት ሻጮቹ በ1972 ጃንዩዋሪ በጄኔቫ ተሰብስበው ለኪሳራቸው ማካካሻ ዋጋውን በ8.49 በመቶ አስጨመሩ። በ1975 ጁን ደግሞ የዘይት ላኪ አገሮች ማኅበር ኦፔክ በሊብረቪል ተሰብስቦ ዘይት በዶላር መተመኑ ቀርቶ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባወጣው የሒሳብ መለኪያ እንዲተመን ወሰነ። ውሳኔው በወረቀት ላይ ቀረ። በዚያ መለኪያ ስንዴ የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ የሚያስቀምጠው ባንክም የለም።

የሻጮቹ ችግር ከዋጋ መተመኛው ይልቅ የማኖሪያው ነበር። አንዱ በርሜል በ1973 መጸው 3 ዶላር ገደማ የነበረው በ1974 ጃንዩዋሪ 11.65 ገባ። ሕዝቧ ጥቂት የሆነ ሳዑዲ ዓረቢያ ይህን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ በአገሯ ልትበላው አትችልም። የት ታኑረው? በ1974 ጁላይ የአሜሪካው የገንዘብ ሚኒስትር ዊልያም ሳይመን ወደ ጅዳ ሄደው ማኖሪያ አቀረቡላት፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የሚያወጣውን የዕዳ ሰነድ እንድትገዛ። ገዛች። ምን ያህል እንደ ያዘችም ከአርባ ዓመት በላይ ለብቻው ሳይገለጥ ኖሮ በ2016 ሲነገር 116.8 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ወሬኞቹ የሚሉት ምሥጢር በእርግጥ ነበረ፤ ዳሩ ግን ምሥጢሩ የሽያጩ ሳይሆን የማስቀመጫው ነው።

ይህን የሚጠራጠር ሰው የሩሲያንና የሕንድን ነገር ይመልከት። ከ2022 ጦርነት በኋላ ሕንድ የሩሲያን ዘይት በብዛት መግዛት ጀመረች፤ ከንግዱም ከፊሉ በሩፒ ተከፈለ። ሁለቱም ከዶላር ለመሸሽ ፈልገው ያደረጉት ነው፤ ማንም አልከለከላቸውም። በ2023 ሜይ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰርጌይ ላቭሮቭ በሕንድ ጎዋ ላይ፤ በሕንድ ባንኮች ብዙ ቢሊዮን ሩፒ መከማቸቱን፤ ሊሠሩበትም ወደ ሌላ ገንዘብ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ሩሲያ ለሕንድ የምትሸጠው ብዙ፤ ከሕንድ የምትገዛው ጥቂት ነው፤ ሩፒም እንደ ልብ ከአገር አይወጣም። ዘይቱ ተሸጠ፤ ዋጋው ግን የማይንቀሳቀስ ክምር ሆነ።

ማኖሪያውም ቢሆን ቍልፍ ያለው ነው፤ ቍልፉም በአኖረው ሰው እጅ አይደለም። በዚያው በ2022 አሜሪካ፤ አውሮፓና ተባባሪዎቻቸው የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ በእነርሱ ዘንድ ካኖረው ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተውን አገዱ። ይህን ያዩ የሌሎች አገሮች ባንኮች መጨነቃቸው አልቀረም፤ ከ2022 እስከ 2024 የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1000 ቶን በላይ ወርቅ ገዙ። በ2000 ገደማ ከመንግሥታት የውጭ ምንዛሪ ክምችት ሰባ በመቶ ያህል ዶላር ነበረ፤ ዛሬ ከስድሳ በታች ነው። ወርዷል ማለት ይቻላል፤ አበቃለት ማለት ግን የስልክ ወሬ ነው።

ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ ይከብዳል። ዘይት የምናጣራበት ፋብሪካ የለንም፤ ቤንዚኑም ናፍጣውም በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016፤ በእኛ አቈጣጠር፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጁን በደብተሩ ጀርባ እንዲያሰላው ነገርኩት። ዋጋው 80 ዶላር የሆነ አንድ በርሜል በ57 ሲመነዘር 4560 ብር፤ በ100 ሲመነዘር 8000 ብር ነው። በዓለም ገበያ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመር ሒሳቡ ላይ 3440 ብር ተጨመረ። መንግሥት ጭማሪውን ቀስ በቀስ ቢያወርደውም መጨረሻው የታክሲ ሒሳብ ነው፤ የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ ጸሓፊ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ልጁ ቍጥሩን ሁለት ጊዜ ካመሳከረ በኋላ ቀና ብሎ፤ «መምህር፤ ቡናችንንስ በምን ገንዘብ ነው የምንሸጠው?» አለኝ።

«በዶላር» አልሁት። «ታዲያ የት ነው የምናኖረው?» ሲል ደወሉ ተደወለ።