ያልተቆጠረው ማጀት

የተከበራችሁ የጋምቤላ ከተማ መራጮች፣

መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የተሻሻለ ምድጃን ማዳረስ ነበር። ድርጅታችን ሐሳቡን ይደግፋል፤ ቅሬታችን ስሌቱ ላይ ነው።

አገራችን ኤሌክትሪክ የምታመነጨው በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ፣ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀትን እንቀንስ ሲባል ከሚነሱት ነገሮች አንዱ የየቤታችን ማገዶ ነው። በአገር ደረጃ ትልቁ ማገዶ በሊታ የእንጀራ ምጣድ ነው፤ ምርት የተባለው ምድጃም የተሠራው ለእርሱ ነው። ከደጋ መጥቶ በሠፈረው ወገናችን ቤት ምጣድ አለ። የአኙዋና የኑዌር እናት ግን ገንፎ ታገነፋለች፣ በቆሎ ትቀቅላለች፣ የባሮን ዓሣ ታበስላለች። ለእርሷ የእንጀራ ምድጃ ምን ያደርግላታል?

ውሃውም ከማገዶው አይነጠልም። የወንዝ ውሃ ቀድቶ የሚጠጣ ቤተሰብ ለማፍላት ከሰል ይገዛል፤ ገንዘብ ያጠረው ሳያፈላ ይጠጣል። በ2017 ዓ.ም. ኮሌራ ክልላችንን እንደመታ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን የክልሉ ሕዝብ ያኔ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በክልሉ ተጠልለዋል። እነርሱም ያበስላሉ፣ ውሃም ይጠጣሉ። ለደኑ መመናመን ስደተኛውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አናደርገውም። ቢሆንም ይህን ሁሉ ምድጃ ያላካተተ ስሌት ዕቅድ ሊባል አይችልም።

ስለሆነም ብንመረጥ በየቀበሌው ናሙና ቤቶች ተመርጠው እንጨቱና ከሰሉ በሚዛን፣ ውሃው በጀሪካን አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት እንዲለካ እናደርጋለን። ጠይቆ መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ ሰው የገዛውን እንጂ ያነደደውን አያስታውስም (ይህን የቤት እመቤቶች ከባለሙያዎች ይልቅ ያውቁታል)። ከሰሉን ብቻ መመዘንም ያሳስታል፤ በተለመደው የአፈር ማክሰያ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። መጠይቁ በአኙዋ፣ በኑዌር፣ በመዠንገርና በአማርኛ ይዘጋጃል። ውጤቱም በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ተሳስቷል የሚል ነዋሪ ይሞግተን።

ሥራው አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ይህን አንደብቅም። ለየማጀቱ የሚሆን ምድጃና የሚጠጣ ውሃ እስኪቀርብ ድረስ ግን ከሰል ሻጯን ከገበያ አናባርርም፣ ጆንያዋንም አንወርስም።